የነጩ ጆንያ ዕጣ

ሰኞ ሰኞ ዕጣ የሚወጣው ለእናቴ ነበር።

ደስ ይለኝ ነበር ብላችሁ አትታዘቡኝ፤ ልጅ ነበርኩ። ዕጣ ሲባል እኔ የማውቀው ዕቁብ ነው። የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ደግሞ እልል ይባላል፤ የወጣላት ሴት ትሳማለች፣ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት ይመጣል። ስለዚህ የእናቴ እጅ ከጣሳው ውስጥ ያቺን ቆርኪ ይዞ ሲወጣ፣ እኔ ከአመዱ ክምር አጠገብ ቆሜ በዚያች በቀጭኗ ድምፄ እልልታዬን አቀልጠው ነበር። የሚቀበለኝ ግን የለም። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ መቀነቷን ታጠብቃለች፣ አንዷ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ቀንተው ነው፣ እል ነበር በልቤ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። አምቦ እንደዛሬው አልሰፋችም፤ ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ያለው ጋሪ ነው። የከተማው ቆሻሻ በትራክተር ተሳቢ እየተጫነ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ገደል አፍ ላይ ይደፋ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ቤት ተሠርቶበታል፤ ብታልፉበትም አታውቁትም።

ሰው ቆሻሻውን ከቤቱ ካወጣ በኋላ አለቀ ይላል። አላለቀም። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ትራክተሩ ተሳቢውን ገልብጦ ሲመለስ፣ አቧራው እስኪበርድ እንኳ ሳይጠብቁ ሴቶቹ ጫፉ የታጠፈ ብረታቸውን ይዘው ይገቡበታል። አመዱ ለብቻ ይጠረጋል። ልጣጩ፣ የጎመኑ ቅጠል፣ የበሰበሰው ሁሉ ወደ ጉድጓድ ይገባል፤ ሲብላላ ከርሞ አትክልት የሚተክሉ ሰዎች በአህያ እየጫኑ ይወስዱታል። አጥንት ለብቻ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ሙጫ ይሆናል ይባል ነበር። ጣሳ ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ፣ የተቀደደ ኮንጎ ጫማ ለብቻ። ጨርቁ ወንዝ ወርዶ ይታጠብና ፍራሽ ውስጥ ይገባል። ዳቦ ከተገኘ ግን፣ ሻግቶም ቢሆን፣ ተስሞ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። የእግዜር እንጀራ አይረገጥም፤ ወፍ ይብላው ነው።

እኔ ያደግኩት በእነዚያ ክምሮች መካከል ነው። ሽታውስ ትሉኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፣ እናቴ ማታ ስታቅፈኝ የምትሸተኝ እንደዚያው ነበር፤ ለእኔ የእናት ሽታ እሱ ነው።

እናቴ ሲንቄ ትባላለች። ትውልዷ ከጌዶ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ ወደ ሰሜን ሄደ፣ የተመለሱት ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። እሷ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ስትሠራ በጸሎት ቤታችን የሚዘመረውን መዝሙር በኦሮምኛ ታንጎራጉራለች። እኔ «ሀርሜ» እላታለሁ፤ እማዬ እንደ ማለት ነው። የሴቶቹ ታላቅ ደግሞ እትዬ አመለሸጋ ነበረች። አገርሽ ወዴት ነው ሲሏት «ከእናቴ ሆድ» ነበር መልሷ። የእናቴ አማርኛ ይሰናከላል፣ የእትዬ አመለሸጋ ኦሮምኛ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ሁለቱ ሲያወሩ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ነበር።

«ሲንቄ፣ ምን አገኘሽ ዛሬ?»

«የሀብታም አጥንት።»

«በምን አወቅሽው የሀብታም መሆኑን?»

«እዪዋ፣ ሥጋው አልተጋጠም! የእኛ ቢጤ ቢሆን ይሄኔ መቅኔውም አይተርፍ።»

«ተይ እስቲ፣ እኔ ብሆን አጥንቱንም አላተርፍ!»

ሳቃቸውን ገደሉ ያስተጋባው ነበር። ኦቦ ዱጋሳ፣ ገደሉን የተኮናተረው ሰውዬ፣ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ «እናንተ ሴቶች፣ በአፍ ነው ወይስ በእጅ የምትሠሩት?» ይላል፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ። የተለየውን ሁሉ አስጭኖ የሚሸጠው እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት እኔ አስል ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ጎራ ትልና መርፌ እወጋለሁ። የሚወጋኝ ሰይፈዲን የሚባል ድሬሰር ነው፤ የሐረር ሰው፣ ቀልደኛ። ወረፋው እስከ አጥሩ ድረስ ይደርስ ነበር። ክኒን ተሰጥቶት የሚሄድ ሰው አኩርፎ ነው የሚሄደው፤ «መርፌ እንኳ ሳይወጋኝ!» እያለ። መርፌ የተወጋ ሰው ደግሞ እያነከሰም ቢሆን ፊቱ ይበራል። እኔ ከዚያ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ መርፌ የነካው ሰው ይድናል።

«ይቺ ልጅ የምወጋበት ሥጋ አሳጣችኝ እኮ» አለ ሰይፈዲን አንድ ጠዋት። እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም።

«ምን ትበላለች?» አላት።

«ያለውን።»

«ያለው ምንድን ነው አዴ ሲንቄ?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ልጅ የማይሰማ ይመስላቸዋል። «ስሚኝ እህቴ። መርፌው ብቻውን የትም አያደርሳትም። ሳምባዋ ተጎድቷል። ወተት ያስፈልጋታል፣ ቢቻል በየቀኑ። እንዲህ እንደሆነች ከቀጠለች ለፋሲካ አትደርስልሽም።»

ለፋሲካ ጌዶ፣ አያቶቼ ዘንድ ትሄጃለሽ ተብዬ ነበር። እንግዲህ መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። «እደርሳለሁ! በጊዜ እነሳለሁ! ፊቴን ቶሎ እታጠባለሁ!» አልኩት። ሰይፈዲን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችና «ትደርሳለች» አለችው።

«ወተቱን ከየት ታመጪዋለሽ?»

«ዋቃ ያውቃል» አለች። እግዚአብሔር ያውቃል ማለቷ ነው።

ነጩ ጆንያ ሰኞ ጠዋት በጋሪ የሚመጣ ሌላ ጭነት ነበር። የሚመጣው ከአንድ ክሊኒክ ነው፤ ዛሬ የለም፣ ስሙንም አልጠራም። በዱቄት ጆንያ ተሞልቶ፣ አፉ በሲባጎ ታስሮ ይደርሳል። መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር የነበረበት ነገር መሆኑን ዛሬ ማንም ያውቃል። ኦቦ ዱጋሳ ግን ከውስጡ ያለችውን ብልቃጥ ይፈልጋታል፤ ያቺ የመርፌ መድኃኒት የሚመጣባት ትንሽ ብልቃጥ ታጥባ ገበያ ስትወጣ ሴቶች ኩል ያኖሩባታል፣ ሽቶ ይሸጥባታል። ስለዚህ አንዲት ሴት ለብቻዋ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ትቀመጥና ሳምንቱን ሙሉ ጆንያውን ትለያለች። ብልቃጡ ወዲህ፣ ጥጡና በደም የተነከረው ፋሻ ወዲያ፣ መርፌው ወደ ጉድጓድ።

ማንም በፈቃዱ አይቀመጥበትም። ለዚህ ነው ዕጣው። ኦቦ ዱጋሳ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ በሴቶቹ ልክ ቆርኪ ይከታል። የቆርኪዎቹ ሁሉ ውስጥ ለስላሳ ላስቲክ አለው፤ የአንዱ ብቻ ተልጧል። ጣሳውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ሴቶቹ ፊታቸውን አዙረው እጃቸውን ይሰዳሉ። የተላጠው የወጣላት ነጩ ጆንያ የእሷ ነው። ሕጉ፣ እጅ መጀመሪያ የነካውን ይዞ ይውጣ ነው።

ለዚህች ሴት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ይሰጣታል። ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው ይባላልና። ኦቦ ዱጋሳ ላሞች ነበሩት፤ በራሱ እጅ ነው የሚቀዳው።

እንግዲህ በልጅ ዓይን እዩት። እናቴ ዕጣ ይወጣላታል። ለብቻዋ ቦታ ይሰጣታል፣ እንደ ሹም። ማንም አጠገቧ አይደርስም። ጭነቷም ነጭ ነው፣ ያውም ሰውን የሚያድነው የመርፌ ቤት ጭነት። በዚያ ላይ ወተት! ሌሎቹ ሴቶች አመድ ለብሰው ሲያስነጥሱ፣ እናቴ ወተት ትጠጣለች። ዕጣው ሲወጣ ሁልጊዜ «እኔ ልቅደም» ትል ነበር። እጇም ከሌሎቹ እጅ ይልቅ ጣሳው ውስጥ ይቆያል። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትጸልያለች፣ ጌታ ደግሞ ይሰማታል፣ እል ነበር።

ወተቱን ስትቀበል ኦቦ ዱጋሳ «እዚሁ፣ ፊቴ ጠጪው» ይላታል። «ኋላ ታመምኩ ብለሽ እንዳትወቅሽኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ» ብላ ታጎነብሳለች፤ ስታጎነብስ ነጠላዋ ፊቷን ይጋርደዋል። ቀና ስትል ከንፈሯ ዙሪያ ነጭ ነው። «ገለቶሚ» ብላ አመስግናው ወደ ጆንያዋ ትሄዳለች። ትንሽ ቆይታ ከአጥንቱ ክምር ጀርባ ትጠራኛለች፤ ከብብቷ ውስጥ ገና ለብ ያለ ወተት በጠርሙስ ታወጣለች።

«ሀርሜ፣ አንቺስ?»

«እኔማ ጠጥቼ ጠጥቼ ሆዴ ሊፈነዳ ነው፤ ከንፈሬን አታዪም?»

አያለሁ፤ ነጭ ነው። ከንፈሯን ብቻ እንደምታርስ እንዴት አውቃለሁ። እሷ እንደ ሸምበቆ ስትቀጥን፣ እኔ እየወፈርኩ መጣሁ። ሳሉም ቀለለኝ። ሰይፈዲን ክንዴን እየቆነጠጠ «ኧረ ይቺ ጃለኔ ሥጋ አወጣች! ከየት አመጣሽው እባክሽ?» ይለኛል። እኔም «ለእናቴ ዕጣ ወጥቶላት ነው» እላለሁ። እሱ የዕቁብ መስሎት «እሰይ፣ እሰይ» ይላል።

ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን። እናቴ ጆንያዋ ሥር ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ ፌስታል አስራለች፣ ጓንት የሚባል ነገር የለማ። እኔ ሩቅ ሆኜ ቆርኪ በእግሬ እጫወታለሁ። ድንገት እጇን እሳት እንደነካት ሳበችው። ፌስታሉን ቀደደች። መርፌው ከአውራ ጣቷ ሥር ቆሟል፤ ቁመቱን አስታውሰዋለሁ፣ ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጭ ነበር። ነቅላ ጣለችው። ጣቷን ጨመቀች፣ መጠጠች፣ ተፋች፣ እንደገና መጠጠች።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እየዘለልኩ መጣሁ። «ሀርሜ ተወጋሽ! ተወጋሽ! ወረፋ ሳትጠብቂ ተወጋሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ዛሬም ላስረዳችሁ አልችልም። ከዚያ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነው፣ ሆዷን ይዛ። «አዎ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል፣ ለእኔ ያለሁበት ድረስ መጣልኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እትዬ አመለሸጋ ከሩቅ።

«ምንም! ልጄ አሳቀችኝ!»

ቡትቶ ቀዳ ጣቷን አሰረችና ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ያን ቀን ለጓደኞቼ ሁሉ፣ እናቴ ተወግታለችና ከእንግዲህ አትታመምም ብዬ ነገርኳቸው።

ፋሲካ መጣ። ደረስኩ! ጌዶ ድረስ በአውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሄድኩ፤ መኪናው አልጣለኝም። አያቴ አገላብጣ ሳመችኝና «ይቺ እኮ ጥጃ መስላለች» አለች። እናቴ እኔን ወደ አያቴ ገፋ አድርጋ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። የደስታዬ ጣሪያ እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ ወጥቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሲጀምር የእናቴ ዓይን ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ አምሮባት ነበር የመሰለኝ፤ ወርቅ ወርቅ ይል ነበር። ቀጥሎ ፊቷ፣ ቀጥሎ መዳፏ። ምግብ ሸተታት። ሴቶቹ ሲያወሩ የሰማሁት «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላይዋ አልፎባት» የሚለውን ነው። ለካ እናቴን የነካት ያ ነው! ሲመሻሽ ድልድዩ ሥር ወርጄ የሌሊት ወፎቹ ላይ ድንጋይ መወርወር ጀመርኩ። አንዷን እንኳ አልመታሁም። ክንዴ እስኪዝል እወረውርና ሄጄ እናቴን «ዛሬ አባረርኳቸው» እላታለሁ። «ጎበዝ» ትለኛለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። ከጉደር ወዲያ ካለ ባለ መድኃኒት ሥር ተማሰላትና ጠጣች፤ አስመለሳት።

እንዲያም ሆና ሰኞ አትቀርም ነበር። ግድግዳ ግድግዳ ይዛ ትነሳለች፣ እኔን ትደገፋለች፣ ገደሉ አፍ ደርሳ «እኔ ልቅደም» ትላለች። ሴቶቹም መንገድ ይለቁላታል። ማንም «ዛሬስ ይቅርብሽ» አላላትም። እልል ስል ግን እትዬ አመለሸጋ «ዝም በይ አንቺ ልጅ!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋት።

መነሳት ሲያቅታት እትዬ አመለሸጋ ራሷ ሄዳ ሰይፈዲንን ይዛው መጣች። ጎንበስ ብሎ ገባ። የእናቴን ዓይን ቆብ ገለጠ፣ ከጎድኗ በታች ጫን ጫን አደረጋት፣ አቃሰተች።

«ሽንቷስ?»

«እንደ ጠላ ጠቁሯል» አለች እትዬ አመለሸጋ።

«ጉበቷ ነው።» ትንሽ አሰበ። «በዚህ ዓመት መርፌ የተወጋችበት ጊዜ አለ?»

«የት አግኝታ? እሷ ለልጇ እንጂ ለራሷ መች ጤና ጣቢያ ትረግጣለች።»

እኔ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። የማውቀው ጥያቄ መጣልኝ። «ተወግታለች!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ያለ ወረፋ ተወግታለች! ወተት ከሚያሰጠን ጆንያ ውስጥ! እኔ አይቻለሁ!»

እትዬ አመለሸጋ ወደ እናቴ ዞረች፣ እናቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ልጅ ናት፣ ተዉአት» አለች።

ሰይፈዲን ዱካ ሳይፈልግ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ያ ቀልደኛ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወተት ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ወተት ያልኩት።» ወተት የጠየቀ መስሎኝ «አልቋል፣ ነገ ይመጣል» አልኩት። ነገሩ ሌላ መሆኑን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ የሱን ፊት እያስታወስኩ፣ ቃል በቃል እየገጣጠምኩ።

እናቴ ሆዷ አበጠ፣ ኋላ ሰው መለየት አቃታት። በአያቴ ስም ትጠራኝ ነበር። አንድ ቀን ከድልድዩ ስመለስ የጸሎት ቤታችን ሰዎች ደጃችን ላይ ቆመው መዝሙር ይዘምራሉ። እሷ ሥራ ላይ የምታንጎራጉረው ስለሆነ ድና የተነሳች መስሎኝ በሩጫ ገባሁ።

ከቀብሩ በኋላ ባለችው ሰኞ ለብቻዬ ተነስቼ ወደ ገደሉ ሄድኩ። ማንም አላከኝም። የእናቴ ቦታ የእኔ ነው፣ ዕድሏም ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ነው። ጋሪው ነጩን ጆንያ አራግፎ ሲመለስ አገኘሁት። ሴቶቹ ጣሳውን ከበዋል፤ እጁን የሚሰድ ግን የለም። እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ምን ቆማችሁ?» ይላል ኦቦ ዱጋሳ። «መጀመሪያ ማን ናት?»

«እኔ ልቅደም» አልኩ።

በመካከላቸው ሾልኬ ገባሁና በእግሬ ጣት ቆሜ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ኦቦ ዱጋሳ ጣሳውን ዝቅ አደረገልኝ። እውነቴን ነው፤ ዝቅ አደረገልኝ። «እናቷን የምትመስል ልጅ» እንኳ አለ።

እትዬ አመለሸጋ እጄን ከአየር ላይ ቀለበችው። አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ጮህኩ። በሌላው እጇ ጣሳውን ከሰውዬው ነጥቃ ወደ ገደሉ ወረወረችው፤ ቆርኪዎቹ በድንጋዩ ላይ ሲንጫጩ ወረዱ።

«አብደሻል!» አላት።

«አዎ፣ አብጃለሁ። ጆንያህን ራስህ ልየው! አንተ ለይ! ወተቱንም አንተው ጠጣ!»

ብረቷን ከእግሩ ሥር ጣለችለት። ከሴቶቹ ሁለት ሦስቱ የሷን አይተው ጣሉ፣ ሌሎቹ ብረታቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ኦቦ ዱጋሳ ሳቀ። «አምቦ ውስጥ ሴት የጠፋ መሰላችሁ?» አለ። አልጠፋም። በሌላው ሰኞ ከእንጭኒ በኩል የመጡ፣ እኛ የማናውቃቸው ሴቶች በሌላ ጣሳ ዕጣ ያወጡ ነበር። ነጩ ጆንያ ከዚያም በኋላ ብዙ መጥቷል፤ ማን ማን እንደተቀመጠበት፣ ማን ላይ ምን እንደደረሰ፣ የሚያውቅ የለም።

እትዬ አመለሸጋ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። አውቶቡስ ተራ ቆሎ መሸጥ ጀመረች። ከቆሎው ሌላ ነገር ይጉደል እንጂ የእኔ ወተት አልጎደለም፤ ሳሌ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ጠዋት ጠዋት ኩባያዬ ይሞላ ነበር። እኔ ግን አላመሰገንኳትም። የእናቴን ዕጣ፣ ውርሴን፣ ገደል የጣለችብኝ ሴት ናት። «አንቺ እናቴ አይደለሽም» እያልኩ አደግኩባት። እሷም «አይደለሁም» ትላለች፣ «ጠጪው ብቻ።»

አደግኩ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ስለ መርፌው፣ ስለ ጉበት በሽታው፣ ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው እንደሚሄድ፣ ሁሉንም አወቅሁ፤ ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል ስሄድ ሲያስተምሩን ሰማሁ። እትዬ አመለሸጋ ዓይኗ ሲደክም እኔ ዘንድ አመጣኋት። ያ ጥላቻ በመካከል የት እንደ ወደቀ አላውቅም፤ አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት።

አንድ ነገር ብቻ በልቤ ቀርቶ ነበር። የእናቴ ዕድል። ምነው ዕጣው እሷን ብቻ መረጠ እል ነበር። ምነው ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል።

በአንድ የነሐሴ ቀን፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ተቀምጠናል፤ እሷ ምስር ትለቅማለች፣ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ። እኔም ጨዋታ አምጥቼ «እትዬ፣ ሀርሜን እኮ ያ ዕጣ ነው የጨረሳት። ምን ዓይነት ጥቁር ዕድል ነው?» አልኳት።

ጣቷ ምስሩ ላይ ቆመ።

«የምን ዕጣ?» አለች። «እናትሽ ዕጣ ወጥቶባት አያውቅም።»

«እንዴት? ሰኞ ሰኞ...»

«ትፈልገው ነበር። የተላጠው ቆርኪ ሲዳሰስ ይሻክራል። ሕጉ የነኩትን ይዞ መውጣት ነው፤ እሷ ግን እስክታገኘው ትዳስሳለች። ለዚህ ነው ቀድማ የምትገባው፤ ሌላ ሰው ሳያወጣባት። ወተቱን ፈልጋ ነዋ ጃለኔ። ላንቺ።»

ዝናቡ በረታ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቅ ነበር። እጇ ሲቆይ ዓይን የለን?»

«ያ በሽታ በላይዋ ላይ እየታየ? ያን ጊዜም?»

«ያን ጊዜም።»

«ታዲያ እንዴት አንዳችሁ ተይ አላላችኋትም?»

ሰበብ ታመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አላወቅንም ነበር፣ ድሆች ነበርን፣ እሷም አትሰማም ነበር፤ ከእነዚህ አንዱን ብትለኝ እቀበላት ነበር። እሷ ግን ያንን የደከመ ዓይኗን ወደ ድምፄ አቅንታ እንዲህ አለችኝ፦

«እሷ ስታወጣው እኛ እንድናለና። እኔ ሰኞ ጠዋት ስነሳ የምጸልየው ምን ብዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ‹አምላኬ፣ ዛሬ ሲንቄን አታስቀርብን› ብዬ ነበር።»

ተነስቼ ወጣሁ። ሻሽ እንኳ አላሰርኩም። ከቤቱ ጣራ ጠርዝ ሥር ቆምኩ፤ ውኃው እግሬ ሥር ይወርዳል። ልቤ ወዴት እንደሚሄድ አጣሁ፤ ወደ መንገዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል።

«ጃለኔ» አለች ከውስጥ። ድምፅዋ አነሰብኝ። «ሄድሽ እንዴ?»

ምስሩን ከሰፌዱ ላይ ስታንገዋልለው ይሰማኛል፤ ከዚያ ተወችው።

«ጃለኔ፣ አለሽ?»

«አለሁ እትዬ።»

«እሺ» አለች። ቆየችና ደግሞ፣ እንደ ማፈር ብላ፣ «በሩ ተከፍቶ ቀርቷል መሰለኝ፤ ብርዱ ገባብኝ» አለች።

ገባሁና ዘጋሁት።